ሐበሻው የቆረቆራት ከተማ



ውድ አንባቢያን! ከአገራችን ወደ ህንድ የሚጓዘው ሰው ብዙ ነው። አንዱ በሽተኛ ይዞ ለሕክምና ይሄዳል፤ ሌላው ለንግድ፣ ሌላው ደግሞ ለትምህርት። ይሁንና አብዛኛው መንገደኛ የሚያየው ሆስፒታሉን፣ ያረፈበትን ክፍልና ገበያውን ብቻ ነው። ሲመለስ «ህንድ እንዴት ነበረች?» ተብሎ ቢጠየቅም «ሙቀት ነው፤ ሰው ይበዛል፤ ምግባቸው ቅመም አለው» ብሎ ያልፋል። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳት ከተማ ግን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን በዋዛ የምትታለፍ አይደለችም። የቆረቆራት ከዚህች አገር በልጅነቱ ተወስዶ የተሸጠ ሰው ነውና።

ይህች ከተማ በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ክፍለ ሀገር የምትገኘው አውራንጋባድ ናት። ከሙምባይ በስተ ምሥራቅ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከ2023 ወዲህ በመንግሥት የምትጠራበት ስም ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር ነው። ስለ ስሟ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። እኔም ዘመድ ለማሳከም ወደ ሙምባይ በሄድኩ ጊዜ አራት ቀን አግኝቼ ልጎበኛት ችያለሁ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።)

ከባሪያ ገበያ እስከ አገር መሪነት

ማሊክ ዐንበር በ1548 ገደማ በኢትዮጵያ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ቻፑ እንደነበረ ተጽፏል። በለጋ ዕድሜው ተይዞ ከቀይ ባሕር ማዶ ተሻገረና በዐረቡ ዓለም ገበያዎች ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከጌቶቹ አንዱ የነበረው ሚር ቃሲም አል-ባግዳዲ የልጁን ብሩህ አእምሮ በማየቱ አስተማረው። ኢስላምን ከተቀበለ በኋላም ዐንበር የሚለው ስም ወጣለት። በመጨረሻም ወደ ህንድ ደካን ተወስዶ ለአሕመድናጋር ሱልጣኔት ዋና ሚኒስትር ለቺንጊዝ ኻን ተሸጠ። የሚገርመው ነገር ይህ ቺንጊዝ ኻን ራሱ ከባርነት ተነስቶ ለዚያ ሹመት የበቃ ሐበሻ ነበር።

ቺንጊዝ ኻን ሲሞት ዐንበር ነፃ ወጣ። ከዚያም በወታደርነት ወደ ቢጃፑር ሄዶ አገለገለ፤ «ማሊክ» የሚለውን ማዕረግም እዚያው አገኘ። በ1600 የሞጎሉ ንጉሠ ነገሥት የአክበር ጦር የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዝ ሱልጣኔቱ ያለቀለት መስሎ ነበር። ማሊክ ዐንበር ግን ከነጋሢው ቤተሰብ አንድ ልዑል ፈልጎ አነገሠና እርሱ እንደራሴ ሆነ። ከዚያ እስከ ሞተበት እስከ 1626 ድረስ አገሪቱን በተግባር የመራት እርሱ ነው። በቁጥር የሚበልጠውን የሞጎል ጦር ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በፈጣን ፈረሰኞች ስንቁን እየቆረጠ፣ ከኋላው እየመታ ያደክመው ነበር።

አክበርን የተካው ንጉሠ ነገሥት ጀሃንጊር ይህን ሰው ክፉኛ ጠልቶት ነበር። በቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ በ1616 ገደማ ባሠራው ሥዕል ላይ ጀሃንጊር የማሊክ ዐንበርን ጭንቅላት በቀስት ሲወጋ ይታያል። ሥዕሉ ዛሬ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን በቼስተር ቢቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በእውነተኛው ዓለም ግን ንጉሡ ያን ጭንቅላት አላገኘውም። እንዲያውም በ1624 ባትቫዲ ላይ ማሊክ ዐንበር የሞጎልንና የቢጃፑርን ጦር በአንድ ላይ ድል መታ። ከሞተ በኋላም የሞጎሉ ቤተ መንግሥት ታሪክ ጸሐፊ ሳይቀር በጦር አመራርና በአስተዳደር አቻ እንዳልነበረው መስክሮለታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባናል። ይህን ታሪክ ስንሰማ ደስ ይለናል፤ «የእኛ ልጅ!» እንላለን። ነገር ግን ከዐንበር ጋር በአንድ መርከብ ተጭነው የሄዱት ስማቸው የትም አልተጻፈም። ከአገራችን እየነዱ ያወጧቸው፣ ባሕር ያሻገሯቸውና የገዟቸው ሰዎች የተለያየ ሃይማኖት ነበራቸው፤ ከእነርሱም ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ። አንድ ሰው ተምሮና ታግሎ ከፍ ማለቱ በሌሎቹ ላይ የደረሰውን ግፍ አይፍቀውም። ለልጆቻችን ስናወራ ሁለቱንም አብረን ልንነግራቸው ይገባል።

ውሃ የደበቁ ጎዳናዎች

ማሊክ ዐንበር በ1610 ኻድኪ የተባለችውን መንደር መርጦ ዋና ከተማው አደረጋት። አካባቢው ድንጋያማና ውሃ የሚያጥረው ነበር። እርሱ ግን በስተ ሰሜን ካሉት ኮረብቶች ሥር የሚገኘውን የከርሰ ምድር ውሃ በመሬት ውስጥ ቦይ እየሰበሰበ፣ በሸክላ ቧንቧ ወደ ከተማው አወረደው። ነሕረ ዐንበሪ፣ ማለትም «የዐንበር ወንዝ» የሚባለው ይህ ነው። ሞተር የለ፣ ፓምፕ የለ፤ ሥራውን በሙሉ የሚሠራው የመሬቱ ቁልቁለት ነበር። በኋላ የመጡት ገዢዎችም የእርሱን ፈለግ ተከትለው ሌሎች ቦዮች ጨመሩ።

ይህን ጥበብ በዓይን ለማየት የሚሻ ሰው ፓንቻኪ ወደ ተባለው ስፍራ ይሂድ። ትርጉሙ «የውሃ ወፍጮ» ማለት ነው። ከመካከለኛው እስያ የመጡት የነቅሽበንዲያ ጦሪቃ ሸይኽ ባባ ሻህ ሙሳፊር ያረፉት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። ከኮረብታ በሸክላ ቧንቧ የመጣው ውሃ ከፍ ካለ ግድግዳ ላይ እየተወረወረ ወደ ሰፊ ገንዳ ይወርዳል፤ ጉልበቱም የወፍጮውን ድንጋይ ያዞራል። በ18ኛው መቶ ዓመት በዚህ ወፍጮ እህል እየተፈጨ ለደረሶች፣ ለመንገደኞችና ለድኾች ምግብ ይሰጥ ነበር። የገንዳው ወለል ደግሞ ከሥሩ ላለው አዳራሽ ጣሪያ ነው። ውሃ በላዩ ስለሚቆም አዳራሹ በበጋ ሙቀት እንኳ ቀዝቀዝ ይላል። አጠገቡ የእኛን ዋርካ የሚመስል ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ይዘው ተቀምጠው ይጫወታሉ።

እኔ በክረምት ስለሄድኩ ገንዳው ሞልቶ ነበር ያገኘሁት። በከተማው ግን በቅርብ ዓመታት ብዙ ሰፈሮች የቧንቧ ውሃ የሚያገኙት በቀናት ልዩነት እየጠበቁ ነበር። አሮጌዎቹ ቦዮች ብዙ ቦታ ላይ በደለል ተደፍነዋል፤ ሕንጻ ሲቆም የተሰበሩም አሉ። አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ የውሃ መስመር ከእግራቸው ሥር እያለ ሰዎች ጀሪካን ይዘው ቦቴ ሲጠብቁ ማየት ያሳዝናል። ውሃ ማጠጣት ከሶደቃዎች ሁሉ ብልጫ ካላቸው መካከል መሆኑን እናውቃለን። የተሠራውን ጠብቆ ማቆየትም ከዚያው ወገን መሆኑን ግን ብዙ ጊዜ እንዘነጋለን። በየመንደራችን አባቶቻችን የቆፈሯቸው፣ ዛሬ ቆሻሻ የሞላባቸው ጉድጓዶች የሉምን?

በሮችና መስጊዶች

አውራንጋባድ «የበሮች ከተማ» ትባላለች። የጥንቱ ቅጥር አብዛኛው ቢፈርስም ከበሮቹ መካከል ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። ከሁሉ ትልቁ ባድካል በር ሲሆን ማሊክ ዐንበር በሞጎሎች ላይ ላገኘው ድል መታሰቢያ በ1612 ያሠራው ነው። መካ በር የሚባለው በፓንቻኪ አቅራቢያ ነው። ባጃጅና ሞተር ብስክሌት በቅስቱ ሥር እየተጋፋ ሲያልፍ ላየ ሰው ጥንትና ዛሬ ተቀላቅለው ይታዩታል።

ባጃጅ ካልን አይቀር፣ በአገራችን መንገዶች ላይ ሲሽከረከሩ የምናያቸውን ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች የሚሠራው ኩባንያ ከ1985 ጀምሮ በዚሁ ከተማ ዳር፣ ዋሉጅ በተባለ ቦታ ፋብሪካ አለው። ሐበሻው በቆረቆራት ከተማ ዳር የተሠራ ባጃጅ ወደ ሐበሻ አገር መጥቶ ሰው ያመላልሳል ማለት ነው። ሱብሓነላህ!

የከተማዋን ጁምዓ መስጊድ የጀመረው ማሊክ ዐንበር ሲሆን በኋላ አውራንግዜብ አስፋፍቶታል። ሃምሳ ባለ ብዙ ጎን ምሰሶዎች በአምስት ረድፍ ተደርድረው ጣሪያውን በቅስቶች ተሸክመዋል። ወርቅና ዕንቁ የለበትም፤ ግርማው ከሥርዓቱ የመጣ ነው።

ቢቢ ካ መቅበራ የሚባለውን የመቃብር ሕንጻ ደግሞ ሁሉም ጎብኚ ያየዋል። በ1657 የሞተችው የአውራንግዜብ ሚስት ዲልራስ ባኑ በጉም ያረፈችበት ነው። አራቱ ሚናራና ነጩ ጉልላቱ ከአግራው ታጅ ማሐል ጋር ስለሚመሳሰሉ «የደካን ታጅ» ይሉታል። መመሳሰሉም ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚህኛው ንድፍ አውጪ ዐጣኡላህ የታጅ ማሐል ዋና መሐንዲስ የነበረው የአሕመድ ላሆሪ ልጅ ነው። ልዩነቱ ወጪው ላይ ነው። እብነ በረዱ በአመዛኙ በጉልላቱና በግድግዳው ታችኛ ክፍል ሲሆን ቀሪው በድንጋይ ተሠርቶ በነጭ ኖራ የተለሰነ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይቶ «የድኻ ታጅ» እያለ ይቀልዳል። ነገር ግን የልስኑን አበባ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው በኖራ ይህን ያህል መሥራት እንደሚቻል ይደነቃል።

ከሸሪዓ ሕግ የተወለደ ጨርቅ

እኅቶችና ወንድሞች! ስለዚች ከተማ ከሁሉ ይልቅ ልነግራችሁ የምሻው ስለ ሽመናዋ ነው።

ንጹሕ ሐር መልበስ ለሙስሊም ወንድ እንደማይፈቀድ፣ ለሴት ግን እንደሚፈቀድ የታወቀ ነው። ዑለሞች ደግሞ ሐር ከሌላ ክር ጋር ስለተቀላቀለበት ጨርቅ ተወያይተዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ ሐሩ ከሌላው ክር የማይበልጥ ከሆነ ይፈቀዳል። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ ድሩ ሐር ሆኖ ማጉ ጥጥ ከሆነ መልበሱ አይከለከልም። የህንድ ሙስሊም አብዛኛው ሐነፊይ ነውና ሸማኔዎቹ ይህን ብይን ይዘው ወደ ሥራቸው ገቡ። ድሩን ሐር፣ ማጉን ጥጥ አድርገው፣ ሐሩ ወደ ውጭ እንዲያበራ፣ ጥጡ ደግሞ ከገላ ጋር እንዲገናኝ አድርገው ሸመኑት። ይህን ጨርቅ «ማሽሩ» ይሉታል። ቃሉ ከዐረብኛው «መሽሩዕ» የመጣ ሲሆን «በሸሪዓ የተፈቀደ» ማለት ነው። የፊቅህ ኪታብ ውስጥ ያለች አንዲት መስአላ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ወርዳ ጨርቅ ሆና ወጣች ማለት ነው!

የአውራንጋባድ መታወቂያ የሆነው ሌላው ጨርቅ ሂምሩ ነው። ታሪኩ ከሱልጣን ሙሐመድ ቢን ቱግሉቅ ጋር ይያያዛል። ይህ ሱልጣን በ1327 ዋና ከተማውን ከዴልሂ አንስቶ ከአውራንጋባድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ዳውላታባድ ሲያዛውር ሸማኔዎችም አብረው እንደመጡ ይነገራል። ሱልጣኑ ወደ ዴልሂ ቢመለስም ባለ እጆቹ ቀሩ። በቤተ መንግሥት የሚለበሰው ኪምኻብ በወርቅና በብር ክር የሚሠራ ውድ ልብስ ነበር። ሂምሩ ደግሞ የእርሱ አምሳያ ሆኖ በጥጥና በሐር የሚሠራ ነው። መደቡ ጥጥ ነው፤ አበባውን፣ ቅጠሉንና ወፉን የሚያወጣው ተጨማሪው ማግ ሐር ነው።

በጥንቱ ዘዴ አንድ ሂምሩ ለመሸመን ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። አንዱ ከላይ ሆኖ የንድፉን ክሮች በየተራ ይስባል፤ ሌላው ከታች መወርወሪያውን ያመላልሳል። ንድፉ የሚያዘው በወረቀት ላይ ሳይሆን በተቋጠሩ ክሮች ነበር። ዛሬ ይህን የሚሠሩት ባለ ሙያዎች እጅግ ጥቂት ናቸው። በከተማዋ ሱቆች «ሂምሩ» ተብሎ የሚሸጠው ሻርፕና መደረቢያ አብዛኛው በኤሌክትሪክ መሸመኛ የተሠራ ነው። ርካሽ ነው፤ ያምራልም። ነገር ግን በቀን ብዙ ሜትር ከሚሠራ መኪና ጋር በቀን ጥቂት ጣት የምትረዝመዋ የእጅ ሥራ በዋጋ ልትወዳደር አትችልም። የሸማኔ ልጅም ይህን አይቶ ወደ ፋብሪካ ቅጥር ይሄዳል፤ ማን ይፈርድበታል?

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችንም የሸማኔው ጥበብ በፋብሪካ ታትሞ ከውጭ በሚገባ አምሳያ እየተገፋ ነው። ስለዚህ ወደ አውራንጋባድ የሚሄድ አንባቢ እነዚህን ነጥቦች ቢይዝ ይጠቀማል፦

አንደኛ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ሲሸመን ለማየት ጠይቁ። በዛፈር በር አካባቢና በሌሎችም ቦታዎች ሥራውን ለጎብኚ የሚያሳዩ መሸመኛ ቤቶች አሉ።

ሁለተኛ፣ ጨርቁን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። በሂምሩ ጀርባ የአበባው ክሮች ተንጠልጥለው ይታያሉ። ጀርባው ባዶ ሆኖ ፊቱ ላይ ብቻ ቀለም ካለ የታተመ እንጂ የተሸመነ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ለሴቶች ሐር የምትፈልጉ ከሆነ ከከተማው ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፓይታን የሚሸመነውን ፓይታኒ ሳሪ እዩ። ዘርፉ ላይ ጣዎስና ሎተስ አበባ በወርቃማ ክር ይወጣበታል። በእጅ የተሠራው ፓይታኒ ከሂምሩ በተቃራኒ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ነው። አንዱን ለመጨረስ ወራት ስለሚፈጅ ዋጋው ከፍ ይላል።

አራተኛ፣ መከራከር የገበያ ልማድ ነው። ይሁንና ከሱቅ ነጋዴ ጋር መከራከርና ከሸማኔው እጅ ላይ መከራከር አንድ አይደሉም። የሠራተኛን ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ መስጠት የታዘዝነው ለአገራችን ሠራተኛ ብቻ አይደለም።

ከጨርቅ ሌላ ቢድሪ የሚባል የብረት ሥራ ታያላችሁ። መነሻው የቢዳር ከተማ ነው። ዚንክና መዳብ ቀላቅለው ዕቃውን ያወጡና ላዩን ፈልፍለው ብር ይሰኩበታል፤ ከዚያም ከአሮጌው የቢዳር ምሽግ በሚወሰድ አፈር ሲያሹት ብረቱ ይጠቁራል፤ ብሩ ግን ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ትንንሽ ሣጥንና ሰሐን ስለሚገኝ ለስጦታ ይመቻል።

ከገበታው ዙሪያ

የአውራንጋባድ ሙስሊሞች ምግብ ናን ቃሊያ ነው። ይህም ለቱግሉቅ ሠራዊት በትልልቅ ድስት ከተሠራው ምግብ እንደመጣ ይነገራል። ቃሊያው የሥጋ ወጥ ነው፤ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ እርድ፣ ድንብላል፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ይገባበታል። ለረጅም ሰዓት ከበሰለ በኋላ ቀዩ ቅባት ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ናኑ ደግሞ በታንዱር፣ ማለትም በጉድጓድ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር ወፍራም ዳቦ ነው። እናቶቻችን ቢቀምሱት «ቁሌቱ ደህና ተቁላልቷል» ብለው የሚያመሰግኑት ይመስለኛል። ከ2015 ጀምሮ በማሃራሽትራ በሬ ማረድ በሕግ የተከለከለ ስለሆነ ሥጋው የፍየል፣ የበግ ወይም የጎሽ ነው። እንግዳ እንደመሆናችን ይህን ሕግ ማክበር ይገባናል።

የገጠሩ ምግብ ግን ይበልጥ ያስደንቃል። የአካባቢው ገበሬ ዋና ምግብ ከማሽላ ዱቄት በእጅ ተጠፍጥፎ የሚጋገር ባክሪ የተባለ ቂጣ ነው። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ፒትላ ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራ ወጥ ነው፤ ሽሮ ነው ብንለው ብዙም አልተሳሳትንም። ማሽላ ራሱ ጥንት የለመደው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ፣ በጎረቤታችን በሱዳን ምሥራቃዊ ክፍል ሲሆን ወደ ህንድ የገባው ከዛሬ ሦስት ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ ነው። ከዐንበር ብዙ ዘመን በፊት ባሕሩን የተሻገረው ማሽላችን ነበር ማለት ነው።

ለጣፋጭ ኢማርቲ አለ። እንደ ሙሸበክ በዘይት ተጠብሶ በስኳር ውሃ የተነከረ ነው። ሻዩ በወተት ይፈላል፤ ዝንጅብልና ሄል ይገባበታል። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ከከተማው ነዋሪ ሲሶ የሚጠጋው ሙስሊም ስለነበር በአሮጌው ከተማ ሐላል ምግብ ማግኘት አያስቸግርም። ሥጋ የማይበሉ ሂንዱዎች ቤቶችም ብዙ ስለሆኑ ያልተረጋገጠለት ሰው ወደዚያ ቢሄድ ምስርና አትክልት በሽ በሽ ነው።

ሁለት መቃብሮች

ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ኹልዳባድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በ1707 የሞተው አውራንግዜብ የተቀበረው እዚያ ነው። የህንድን አብዛኛውን ክፍል የገዛው ይህ ንጉሥ መቃብሩ ጣሪያ የለውም። በላዩ አፈርና ትንሽ ተክል ብቻ አለ፤ የእብነ በረዱ ክልል በኋላ የተጨመረ ነው። የከፈኑ ዋጋ በእጁ ሰፍቶ ከሸጣቸው ቆቦች እንዲከፈል ተናዝዞ ነበር ይባላል።

የማሊክ ዐንበር መቃብርም በዚችው ኹልዳባድ ነው። ባለ ጉልላት የድንጋይ ሕንጻ ሲሆን አጠገቡ የሚስቱ የቢቢ ከሪማ መቃብር ይገኛል። ወደ አውራንግዜብ የሚሄደው ጎብኚ ብዙ ነው፤ ወደ እርሱ የሚመጣው ግን ጥቂት። ከአገሩ ሲወጣ ሰንሰለት ነበረበት፤ አልተመለሰምም። ከአገሩ የመጣ ሰው መቃብሩ ዘንድ ቆሞ ዱዓ ቢያደርግለት ምንኛ መልካም ነው!

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር እንደተሄደ የኤሎራ ዋሻዎች ይገኛሉ። ቡድሂስቶች፣ ሂንዱዎችና ጄኖች በየዘመናቸው ከአለት የፈለፈሏቸው 34 ዋሻዎች ናቸው። ካይላሳ የሚባለው ከአንድ አለት ከላይ ወደ ታች እየተጠረበ የወጣ ነው፤ ላሊበላን ያየ ሰው አሠራሩ ወዲያው ይገባዋል። ዩኔስኮ በ1983 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ስለ ስሟ

ከተማዋ ስሟ ብዙ ጊዜ ተቀይሯል። ኻድኪ ነበረች፤ የማሊክ ዐንበር ልጅ ፈትህ ኻን ፈትህናጋር አላት፤ አውራንግዜብ በስሙ አውራንጋባድ አደረጋት። በ2023 የተሰጣት ስም ደግሞ አውራንግዜብ በ1689 ያስገደለው የማራታው ንጉሥ የሳምባጂ ነው። ነገሩ እስካሁን ሰውን ያከራክራል። በ2025 የአውራንግዜብ መቃብር ይፍረስ የሚል ጥያቄ ተነስቶ በናግፑር ከተማ እስከ ሁከት አድርሷል። ስለዚህ መንገደኛ ሆይ! በሻይ ቤት ይህ ነገር ሲነሳ አድምጥ እንጂ አትፍረድ።

አንድ እውነት ግን ይታወስ። የሳምባጂ አያት ሻህጂ ባትቫዲ ላይ ከማሊክ ዐንበር ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። ሐበሻው ሙስሊምና የማራታው ሂንዱ በአንድ ሰንደቅ ሥር ነበሩ። ዛሬ በስም የሚጣሉት ወገኖች በዚያ ዘመን አንድ ቦይ ውሃ ይጠጡ ነበር።

ለሚሄዱ

ለጉብኝት የሚመቸው ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከሙምባይ በባቡር ስድስት፣ ሰባት ሰዓት ያስኬዳል። ትኬት ስትቆርጡ አዲሱንም አሮጌውንም ስም ያዙ። ለከተማው ሁለት ቀን፣ ለኹልዳባድና ለኤሎራ አንድ ቀን ይበቃል። ቋንቋው ማራቲ፣ ህንዲና ኡርዱ ነው። ቁርኣን ቤት የቀራ ሰው ከኡርዱው ውስጥ ኪታብ፣ ዱንያ፣ ሰብር የሚሉ የሚያውቃቸውን ቃላት እየለቀመ ይግባባል። «ሐብሺ ነኝ» ብትሉም ቃሉን ያውቁታል።

መሄድ የማንችለው ደግሞ አናሳዝንም። የዓለም ካርታ ዘርግተን ለልጆቻችን ከሐበሻ ምድር እስከ ደካን ያለውን መንገድ በጣት እንሳልላቸው። አላህ ሰዎችን በነገድና በጎሳ ያደረጋቸው ይተዋወቁ ዘንድ መሆኑንም እንንገራቸው። በዚያው ቀን ግን አንድ ነገር እንጨምር፦ በሰፈራችን ያለ ሸማኔ ቤት ወስደን ድርና ማግ ምን እንደሆነ እናሳያቸው። ያ ሸማኔ ሙያውን የሚያወርሰው ልጅ ይኑረው አይኑረው እንጠይቀው።